የሞተው ቻርጀር ላይ የተጻፈው

«አንድ ሰው ነበረ፤ እንጀራው የሰርግ ቪዲዮ ማቀናበር ነው» አሉ መምህር ደርበው።

ትርንጎ ቀና ብላ አየቻቸው። እሷ የመጣችው ስለ ልጅ ልትጠይቅ ነው። ሚስቱ የሞተችበትን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ያገባችው ባለፈው ዓመት ሲሆን፣ በሽምግልና እቤቷ ከመጡት አንዱ እኚሁ መምህር ደርበው ነበሩ። በቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። የሰፈሩ ሰው ሲጣላም ሲቸገርም እሳቸው ጋ ይሄዳል። ትርንጎም በረንዳቸው ላይ ተቀምጣ የልቧን ነግራቸው ነበር።

«የእንጀራ ልጄ አልቀበል አለችኝ። የወለደቻት እናቷ እንኳ ያላደረገችላትን ነው የማደርግላት። እኔ በጨመርኩ ቁጥር እሷ ትዘጋብኛለች። ቅዳሜ አክስቷ ልትወስዳት ትመጣለች፤ ‹ውሰጂኝ› ያለቻት ራሷ ናት። ምን አጎደልኩባት?» ብላ ነበር የጠየቀቻቸው።

«ስለ ልጅ እኮ ነው የጠየቅኩዎት» አለች አሁን።

«ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ገና አልደከመም። እኔ የማውቀው ኤሌክትሪክ ነው። በማውቀው ልመልስልሽ፣ አስጨርሺኝ» አሉና ቀጠሉ።

ሰውየው በሥራው ክፉ አልነበረም። ሰነፍም አይባልም። ግን የሰርግ ቪዲዮ ሠሪ ሁሉ ያለበት በሽታ ነበረበት፤ ዛሬ ነገ ማለት። «የሰርጉ ቪዲዮ የሚደርሰው ለልጁ ክርስትና ነው» ብለው ሲቀልዱበት አብሮ ይስቃል። ሰርጉን ይቀርጻል፣ የቀረጸውን ወደ ላፕቶፑ ያወርዳል፣ ካሜራውን ለሚቀጥለው ሰርግ ባዶ ያደርጋል። ስለዚህ የስንቱ ሰው ደስታ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ሆድ ውስጥ ተጠራቅሞ ተራውን ይጠብቅ ነበር።

ላፕቶፑ የምር አሮጌ ነው። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ቻርጀር ካልተሰካበት አይነሣም። ከሥሩ ስንት ቮልትና ስንት አምፔር እንደሚፈልግ የሚናገር ጽሑፍ ነበረው። ሰውየው ግን እዚያው ጽሑፍ ላይ ስሙና ስልክ ቁጥሩ ያለበትን የራሱን ስቲከር ለጥፎበታል። ማስታወቂያ ነው ይላል። ላፕቶፕ ገልብጦ ማስታወቂያ የሚያነብ ደንበኛ የት እንዳየ እንጃ።

አንድ ቀን ቻርጀሩ ሞተ። ገመዱ በፕላስተር እየተጠቀለለ ብዙ ዘመን ያገለገለ ነው። ሰውየው ገመዱን አጣመመው፣ ነቀለው፣ መልሶ ሰካው፣ በመጨረሻም በጥፊ መታው። አልመለስ ሲለው ተናደደና ከቆሻሻ ጋር ጣለው። በማግስቱ ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ይዘውት ሄዱ። የሞተ ነገር ቤት ውስጥ ምን ያደርግልኛል ብሎ ነው።

በዚያው ሰሞን አንዲት ሴት ጥቁር ለብሳ መጣች። ሰርጓን የቀረጸው እሱ ነው። አባቷ በሰርጓ ዕለት ታመው ነበር፤ ከሰርጉ በኋላም ብዙ አልቆዩ። እሳቸው ደግሞ ቃል የማይወጣቸው ሰው ነበሩ። ልጃቸውን ሲያሳድጉ «ብዪ»፣ «አጥኚ»፣ «በር ዝጊ» ከማለት በቀር እምብዛም አልተናገሩም። በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ረዘም አድርገው የተናገሩት ያን ዕለት፣ ልጃቸው ጉልበታቸውን ስማ ሲመርቋት ነው።

«ቪዲዮው ይቅርብኝ» አለችው። «ጭፈራውም ኬኩም ይቅር። የአባቴን ምርቃት ብቻ አውጣልኝ። በአርባው ለዘመድ ላሰማው። እኔ ራሴ እያለቀስኩ ስለነበር ምን እንዳለኝ በወጉ አልሰማሁትም።»

«ከዘመዶችሽ በስልክ የቀረጸ የለም?»

«አንተ አይደለህ እንዴ ‹ስልካችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ቀረጻውን ታበላሹብኛላችሁ› ያልከን?»

እውነቷን ነው፤ ብሏል። «አታስቢ፣ ለአርባው ይደርሳል» አላት።

ከጎረቤት ቻርጀር ተዋሰ። ጫፉ ገባ፣ ላፕቶፑም ነቃ። ነገር ግን ትንሽ ቻርጀር ነበረች፤ ግፊቷ ማለት ቮልቷ ልክ ሆኖ፣ አቅሟ ማለት አምፔሯ ያነሰ። ላፕቶፑ ዝም ብሎ ሲቀመጥ እንደምንም ትይዘዋለች። ቪዲዮውን ከፍቶ ሥራ ሲጀምር ግን እሷ ትግላለች፣ እሱም ድርግም ይላል። ያበራዋል፤ ይጠፋል። ደግሞ ያበራዋል፤ ደግሞ ይጠፋል። የሰውየው ሐሳብ የተጣመመው እዚህ ላይ ነው። ያነሰው የቻርጀሯ አቅም ሆኖ ሳለ፣ እሱ ላፕቶፑ ደክሟል ብሎ ፈረደ። የደከመ ደግሞ መገፋት አለበት ብሎ ያምናል። የማይነሣ መኪና ተገፍቶ ይነሣ የለ?

ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሰፈር ወረደ። ባለሱቁ መጀመሪያ የጠየቀው «የድሮው ቻርጀር የታለ?» ብሎ ነው።

«ሞተ፤ ጣልኩት።»

«ቢሞትስ? የተጻፈበት ይነበብ ነበር እኮ። በእሱ ልክ እሰጥህ ነበር። እንግዲያው ላፕቶፑን ገልብጠው።»

ሰውየው ገለበጠው። የገዛ ስሙን አየ።

«ይህን ስቲከር እንላጠው» አለ ባለሱቁ።

«ማስታወቂያዬን? ተወው፣ አሮጌ ዕቃ ነው። ብቻ ጠንከር ያለውን ስጠኝ።»

ባለሱቁ ለክርክር ጊዜ አልነበረውም፤ ከኋላ ሌሎች ገዢዎች ቆመዋል። ለሁሉም የሚሆን የሚባለውን ቻርጀር አወረደለት። ከቻርጀሩ ጋር ብዙ ዓይነት ጫፎች አብረው ይመጣሉ፤ ቮልቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉበት ተንሸራታች ቁልፍም አለው። ሰውየው በእጁ መዘነው። ከበደው፤ የከበደ ቻርጀር ኦሪጅናል ነው ሲባል ሰምቷልና ደስ አለው። ጫፎቹን አንድ በአንድ ሞከረ። አንደኛው ልክክ ብሎ ገባ። «ገባ!» አለ፣ ሥራው ያለቀ ያህል። መብራት ጠፍቶ ስለነበር እዚያው ሰክተው አልሞከሩትም። ባለሱቁ ሲሸኘው «ቮልቱን ሳታውቅ ከፍ እንዳታደርገው» አለው። «እሺ፣ እሺ» አለ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ቤቱ ገብቶ ሰካው። ቁልፉ ከታች በኩል ነበር፤ ላፕቶፑ ምንም አላለም። አንድ ከፍ አደረገው። ትንሿ መብራት ብልጭ ብላ ጠፋች። ቀጥሎ ያለው ልኩ ነበር። ሰውየው ግን አርባው ደርሶበት፣ ሴትዮዋም በየቀኑ እየደወለችበት፣ አንድ አንድ እያሉ መውጣቱን አልታገሠም። ቁልፉን እስከ መጨረሻው ገፋው።

ላፕቶፑ ተነሣ። እንዲያውም ከወትሮው ፈጠን ብሎ የተነሣ መሰለው። «አላልኩም!» አለ ለብቻው። ፋይሉን ፈልጎ ከፈተው። አባትየው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢያቸው ከአንድ ትከሻቸው ወርዷል፣ ልጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተደፍታለች። እጃቸውን አነሡ። አፋቸውን ከፈቱ።

ያኔ ጠፋ። የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ሰውየው ቁልፉን ወደ ታች መለሰው፤ የተቃጠለ ግን ግፊቱን ስለቀነሱለት አይድንም።

ላፕቶፑን ጠጋኝ ዘንድ ሲወስደው ሴትዮዋም አብራው ሄደች። ጠጋኙ ከፍቶ አየና «ቦርዱ አልቋል፤ ይህ ከእንግዲህ አይነሣም» አለ። ጠጋኙ ቀጠለና «ዲስኩ ግን ደኅና ነው። በውስጡ ያለው አልተነካም፤ ሌላ ማሽን ላይ ይከፈታል» አላት። እሷም ዲስኩን ከጠጋኙ እጅ ተቀበለች። ለቪዲዮ ሠሪው ክፉ ቃል አልተናገረችም። በቦርሳዋ ይዛ ሌላ ሰፈር ወዳለ ሌላ ቪዲዮ ሠሪ ሄደች።

በአርባው ሰውየው ድንኳኑ ውስጥ ነበር፤ መቅረት ነውር ይሆንበታል ብሎ መጥቷል። ምሳ ከተበላ በኋላ የአባትየው ድምፅ ተሰማ። «ልጄ» አሉ፣ «ሳልነግርሽ የኖርኩት ብዙ ነው። ያልነገርኩሽን ሁሉ እግዜር ዛሬ ምርቃት ያድርግልሽ።» ድንኳኑ በሙሉ አለቀሰ። ልጅቱ እንባዋን እየጠረገች ሄዳ የዚያን የሌላውን ቪዲዮ ሠሪ እጅ ያዘች። የእኛ ሰውዬ ሳህኑን አስቀምጦ ወጣ። ማንም አልሰደበውም።

መምህር ደርበው እዚህ ላይ ቆሙ።

«ሰውዬው እኔ ነኝ ማለትዎ ነው?» አለች ትርንጎ።

«ገና ምንም አላልኩም። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጣሪያሽ ላይ ያለው የውሃ ሮቶ በጣም ትልቅ ቢሆን ቧንቧሽ ምን ይሆናል?»

«ምን ይሆናል? ምንም። የከፈትኩትን ያህል ይወርድልኛል።»

«ሮቶውን አሥረኛ ፎቅ ላይ ብሰቅልብሽስ?»

«ያፈነዳዋላ።»

«አየሽ፣ አምፔር የሮቶው ስፋት ነው። ቮልት የተሰቀለበት ከፍታ ነው። ቻርጀር ሲመረጥ አምፔሩ ከሚፈለገው ቢበልጥ ጉዳት የለውም፤ ማሽኑ ራሱ ነው የሚፈልገውን ያህል የሚስበው። ቮልቱ ግን እኩል መሆን አለበት። እሱን የሚገፋው ቻርጀሩ ነው፤ ማሽኑ ‹በቃኝ› የሚልበት አፍ የለውም። ይህን አርባ ዓመት ሙሉ ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ ተማሪዎቼ ለፈተና ይሸመድዱትና ቤታቸው ገብተው ይረሱታል።»

ከዚያ ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ።

«ትርንጎ፣ ፍቅርሽ ብዙ ነው። እሱን ማንም አይወቅስሽም፤ ይብዛ። ሮቶሽ ይስፋ። ግን ያቺ ልጅ እናቷ የሞተችባት ናት። አዝና ዝም ስትል ‹ፍቅር አነሳት› ብለሽ ፈረድሽ፤ ከዚያ መግፋት ጀመርሽ። አልጋዋን ቀየርሽ። ልብሷን በሙሉ አዲስ አደረግሽ። ‹አልራበኝም› ስትል ጉርሻ ይዘሽ ትከተያታለሽ፤ እኔው በዓይኔ አይቻለሁ፣ የፋሲካ ለት። ልጅቷ ጎርሳ ያን ጉርሻ ለመዋጥ ስትታገል እኔ ነበርኩ የጨነቀኝ።»

«ከስታብኝ ነው እኮ!»

«ይሆናል። አባቷስ? እሱ ደግሞ እንደዚያች የጎረቤት ቻርጀር ነው። ልኳን ያውቃል፤ ግን ከመንገድ ሲመጣ ሻንጣውን ሳይፈታ ይተኛል። እሱን ለብቻው ጠርቼ የምነግረው አለኝ። ወደ አንቺ እንመለስ። የእናቷን ዕቃ የት አደረግሽው?»

«ፎቶዎቿንም ቀሚሶቿንም በካርቶን አድርጌ ዕቃ ቤት አስገባሁት። እያየች እንዳታለቅስ ብዬ ነው። እግዜር ያውቃል፣ በክፋት አይደለም።»

«በክፋትማ ቢሆን እዚህ አትመጪም። ሰውየውም ቻርጀሩን የጣለው በክፋት አይደለም፤ የሞተ ነው ብሎ ነው። አዎ፣ ሞቷል፤ ግን የዚያን ማሽን ልክ የሚናገር ጽሑፍ ያለው እሱ ላይ ነበር። ልጅቷ በምን እንደምትተኛ፣ ስትፈራ ምን እንደሚባልላት፣ ጸጉሯ በምን ዓይነት እጅ ሲነካ እንደማያማት የተጻፈው ሟቿ ላይ ነው። ‹እናትሽ ይህን እንዴት ነበር የምታደርገው?› ብለሽ ጠይቀሻት ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» አለች። «ስሟን ካነሣሁባት የምትርቀኝ መስሎኝ ነበር።»

«ከሰውየው በአንድ ነገር ትሻያለሽ። አንቺ አልጣልሽውም፤ ካርቶኑ ዕቃ ቤት ነው ያለው። ግፊትሽን ባታስተካክዪ ግን ልጅቷ አትበላሽም፤ ይህን እወቂ። እንደዚያ ዲስክ በውስጧ ያለው አይጠፋም። ሳቋም ጨዋታዋም አንድ ቀን ይከፈታል፤ አክስቷ ቤት ይከፈታል። አንቺ ለበዓል ልትጠይቂ ሄደሽ ከሳሎን ሆነሽ ትሰሚዋለሽ።»

ትርንጎ ይህን ስትሰማ እንባዋ መጣ። መምህሩ አላባበሏትም። ወንበራቸውን ትንሽ ወደ ጥላው ሳብ አደረጉ።

«ስቲከሩስ?» አለች ቆይታ። «እሱን ለምን ጨመሩት?»

«አንቺ ንገሪኛ።»

ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። «ገና ከገባሁ ጀምሮ ‹እማዬ በዪኝ› እላታለሁ። ሰው ፊት ስሜን ስትጠራኝ አፍራለሁ። ትናንት… ትናንት እኔ ሽንኩርት ስከትፍ ኩሽና በር ላይ መጥታ ቆመች። መቼም በራሷ መጥታ አታውቅም። ‹ትርንጎ› አለችኝ። እኔም ‹ትርንጎ አይደለሁም፣ እማዬ በዪኝ እንጂ› አልኳት። አፏን እንደከፈተች ዝም አለች። ከዚያ ወደ ክፍሏ ሄደች።»

መምህር ደርበው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«እንደዚያ ማሽን ራሷ መሳብ ጀምራ ነበር» አሉ። «ምን ልትጠይቅሽ ነበር?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው እዚህ ከእኔ ጋር ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂና በሯ ላይ ቁሚ። ‹ትናንት ትርንጎ ብለሽ ጠርተሽኝ ነበር፤ አቤት› በያት። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ። ቅዳሜ ገና ነው።»